በሰዓት ሠላሳ ብር

ዲስኩ ሳይደርስ ገና ስሙ ቀድሞ ገባ፣
በደወሌ አቋርጦ፣
ድሬ ሙቀት መሃል እንደሚሸጥ ካባ።
ታይዋን ገበያ ውስጥ ቻርጀር የሚሸጠው
ነቢል ነው ውዳሴውን ሰፈር ያዳረሰው፤
«ዓለም እንዲህ ያለ ጨዋታ አላየም!
ሽልማት ተብሎ እሱ ያልወሰደው የለም።
መንገዱ አያልቅም፣ ሰማዩ አይደገምም፣
አንዴ ከገባህ ወዲያ መውጣት አያምርህም።»

እኔስ ከማን አንሼ?
ቀኑን ሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ ጎርሼ፣
ማታ ከነሳሌ፣ ሳልታጠብ በቅጡ፣
አብዱልናስር ጌም ቤት ቆምኩኝ ልጆች እስኪወጡ።

በሰዓት ሠላሳ ብር። ወንበሩ የቢራ ሣጥን።
ቬንትሌተሩ አንድ ክንፉ የለም፤
ይዞራል፣ ያማርራል፣ ንፋስ ግን አይሰጥም።
«ሁለት መቶ ሰዓት ይፈጃል» ሲለኝ ጆይስቲኩን ሰጥቶ፣
ስድስት ሺህ ወጣ ሒሳቤ ተባዝቶ፤
የሁለት ወር ኪራይ፣
ሳቢያን፣ ባለ አንድ ክፍል፣ ከነጣሪያው ፀሐይ።

ገባሁ። በረዶ ነው። ጀግናው ይንቀጠቀጣል፤
ከአፉ ጭስ ይወጣል።
እኔ ሸሚዝ አውልቄ ላቤን እጠርጋለሁ፣
ግንቦት፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ለሱ ብርድ አዝናለሁ።

ያገኘኝ ሁሉ ይሰግዳል፤ «አንተ ነህ የተመረጥከው!»
ፋብሪካ ውስጥ እኮ ስሜን የሚያውቀው
ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም አሳስቶ ነው የሚጠራው።
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
ከዚያስ ለተመረጠው ምን ሥራ ተሰጠው?
ቅጠል ልቀም አሉት!
አርባ ሰዓት ሙሉ ለአንዱ ጠንቋይ ሳል ቅጠል ለቀምኩለት፤
ለንጉሡ የጠፋች ፍየሉን ፈለግኩለት፣
ለውሽማው ደብዳቤ አደረስኩለት።
ይኼንማ የሸመንደፈሩ ጡረተኛ አጎቴ
በነፃ ይልከኛል፣ ከነምርቃቱ፣ በጠዋት ከቤቴ።

ዘንዶውን ገጠምኩት። ሰባት ማታ ፈጀብኝ።
በስምንተኛው፣ አንድ ምት ሲቀረው፣ መብራት ሄደብኝ።
ሴቭ አላደረግኩም።
ጨለማው ውስጥ ልጆቹ ሳቁ፤ ዘንዶውም የሳቀ መሰለኝ።

«እና ተጋንኗል?» አለኝ ነቢል በማግሥቱ፣
ሳምቡሳውን ገምጦ፣ ዘይቱ በጣቱ።
እንዴታ! አልኩት፤ ሲያዩት ያምር፣ ሲበሉት ያቅር።
ቁመቱን አወራችሁኝ፣ ስፋቱን፣ የዘንዶውን የክንፍ ቁጥር፤
ስለ ድልድዩ ግን አንዳችሁም ትንፍሽ አላላችሁም።

በሦስተኛው ማታ መንገድ ጠፍቶኝ ነበር።
አንድ ወንዝ አለ፤ ሞልቶ፣ ጠርቶ፣ ሰው ሳይነካ የሚፈስ፣
ከነብረት ልብስህ ብትገባበት የማያሰጥም።
እንደኛ ደቻቱ አይደለም፣
አሥራ አንድ ወር አሸዋ ሆኖ ፍየል ሲያስተኛ ከርሞ
አንድ ሌሊት ተነሥቶ በር የሚያንኳኳ።
ድልድዩ ሥር አንዲት ሴት ቆማለች። ስም የላትም።
ከራሷ በላይ ምልክት የለም፤ ሽልማትም የለም።
ብትቀርባት አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤
«ልጄን ውሃው ዳር አላየኸውም?»
መልስ የሚሆን ቁልፍ የለም። ሁሉንም ተጭኜ አየሁ።

ጎረቤቴ አዴ ሻምሲያ
ከዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ወዲህ
ከፋብሪካ ስመለስ ይህንኑ ይጠይቁኛል።
«አላየሁም አዴ» እላለሁ፤ አልፋለሁ።

እዚያ ግን አላለፍኩም።
አንድ ሰዓት፣ ሠላሳ ብር ሙሉ፣ አጠገቧ ቆምኩኝ፤
ጀግናው ጭሱን እየተነፈሰ፣
ልጆቹ «ተጫወት እንጂ!» እያሉ ሲያሾፉብኝ።

«ድልድይ? የቱ ድልድይ?» አለ ነቢል።
ሦስት ጊዜ ጨርሶታል። አላያትም።

እንግዲህ አዎ፣ ተጋንኗል፤ ግን በማይገባው በኩል።
የቅጠሉን አርባ ሰዓት መልሱልኝ።
የድልድዩን አልጠይቅም።

ትናንት ጎራ ስል፣ ተረኛው ልጅ
በእኔ ሴቭ ላይ አዲስ ጀምሯል።
በረዶ። ትንፋሽ። «አንተ ነህ የተመረጥከው!»

ዛሬ በአሸዋው አቋርጬ ስመለስ
አዴ ደጃፉ ላይ የሉም።
ጥቂት አለፍኩ።
ተመልሼ አንኳኳሁ።